ለክተን እንድናነቃ ይፈቀድልን፦ ከግዢ ዝርዝር ስለተሰረዘው የጡንቻ ምላሽ መለኪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሆስፒታላችን ሥራ አመራር ቦርድ
ለሜዲካል ዳይሬክተሩ
ለሕክምና መሣሪያዎች ግዢ ኮሚቴ

የተከበራችሁ የቦርዱ አባላት፣ የተከበሩ ሜዲካል ዳይሬክተር፣ የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፤

ለቀዶ ሕክምና ክፍሎቹ የጠየቅናቸው የጡንቻ ምላሽ መለኪያዎች (በሰመመን ጊዜ በመድኃኒት የላላ ጡንቻ መመለሱን የሚለኩ መሣሪያዎች) ከዘንድሮው የግዢ ዝርዝር መሰረዛቸውን ያወቅነው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው። የተሰጠው ምክንያት አንድ መስመር ነው፦ «ባለሙያው በክሊኒካዊ ምልክቶች ማረጋገጥ ስለሚችል አስቸኳይ አይደለም»። በዚያው ሰሞን ሁለት መመሪያዎች ደረሱን። አንደኛው ከመጨረሻው ስፌት በኋላ ሕመምተኛው ከጠረጴዛው የሚነሳበት ጊዜ እንዲያጥር ያዝዛል። ሁለተኛው ደግሞ የመተንፈሻ ቱቦ ወጥቶለት ተመልሶ የገባለት ሕመምተኛ ካለ፣ የአንስቴዥያ ባለሙያው «የሙያ ጉድለት» በሚል ርዕስ በተዘጋጀ ቅጽ ላይ በስሙ እንዲፈርም ያዝዛል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ተራ የአስተዳደር ውሳኔ ይመስላል። ሦስቱ ሲደራረቡ ግን መለኪያ ተነፍገን፣ እንድንቸኩል ታዘን፣ ችኮላው ለሚያስከትለው ጉዳት አስቀድመን ጥፋተኛ ተደርገናል። በውስጥ ማስታወሻ ያቀረብነው አቤቱታ መልስ ስላላገኘ ደብዳቤያችንን ግልጽ አድርገነዋል። ነገ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚተኛው ሰውም ጉዳዩን የማወቅ መብት አለው።

ከሙያው ውጭ ያላችሁ የቦርድ አባላት እንድትከታተሉን የመድኃኒቱን ነገር እናስቀድም። ማስል ሪላክሳንት የምንላቸው መድኃኒቶች አያስተኙም፤ ሕመምም አያስታግሱም። ሥራቸው ነርቭ ለጡንቻ የሚያስተላልፈውን መልእክት ማቋረጥ ብቻ ነው። የመተንፈሻ ቱቦው በቀላሉ እንዲገባ፣ ሆድ ለቀዶ ሐኪሙ እንዲለሰልስ ያደርጋሉ፤ ትንፋሽንም አብረው ያቆማሉ። ሃሮልድ ግሪፊዝ እና ኢኒድ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1942 ሞንትሪያል ውስጥ ኩራሬ የተባለውን ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ለሰመመን ከተጠቀሙበት ጊዜ ጀምሮ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ቀዶ ሕክምና ብዙ ተጠቅሟል። ሕመምተኛውን በጥልቅ ሰመመን ከመጉዳት ይልቅ በቀላል ሰመመን ጡንቻውን ማላላት ተቻለ። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ በ1954 ቢቸር እና ቶድ በአሥር ሆስፒታሎች የተሰጡ 599,548 ሰመመኖችን መርምረው ያወጡት ውጤት ሙያውን አስደነገጠ። ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ባልተሰጣቸው ሰዎች ላይ ከሰመመን ጋር የተያያዘው ሞት ከ2,100 አንድ ሲሆን፣ በተሰጣቸው ላይ ከ370 አንድ ነበር። መንስኤው ብዙ አከራክሯል። በዚያ ዘመን ማፍረሻ መድኃኒት (ጡንቻ የሚያላላውን መድኃኒት ሥራ የሚሽር) ሳይሰጥና ትንፋሽ ሳይታገዝ የሚያልፍበት ጊዜም ብዙ ነበር። ይሁንና ከዚያ ወዲህ ማንኛውም የአንስቴዥያ ባለሙያ ቱቦ ከማውጣቱ በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ መድኃኒቱ ከዚህ ሰው ጡንቻ ላይ በእርግጥ ለቅቋል ወይ?

አንደኛው ቅሬታችን ኮሚቴው «ክሊኒካዊ ምልክቶች» ያላቸውን ይመለከታል። ምልክቶቹን እናውቃቸዋለን፤ በየቀኑም እንጠቀምባቸዋለን። ራስን ከትራስ ቀና አድርጎ ለ5 ሰከንድ መቆየት፣ እጅን አጥብቆ መጨበጥ፣ ምላስ ማውጣት፣ በቂ አየር መሳብ። ችግሩ እነዚህ ሁሉ ተሟልተው ሕመምተኛው ገና አደጋ ላይ ሊሆን መቻሉ ነው። በነርቭና በጡንቻ መገናኛ ላይ ካሉት ተቀባዮች ሦስት አራተኛ ያህሉ በመድኃኒቱ እስኪያዙ ድረስ የጡንቻው ምት ድካም አያሳይም። ስለዚህ ምቱ ደህና መስሎ በታየበት ሰዓት እንኳ አብዛኛው ተቀባይ ገና እንደተያዘ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ጡንቻዎች እኩል አይነቁም። ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ድያፍራም መድኃኒቱን ከሁሉም በላይ ይቋቋማል፤ ቀድሞም ይነቃል። የአየር መንገዱን ከፍተው የሚይዙት፣ ምራቅና የጨጓራ ፈሳሽ ወደ ሳንባ እንዳይወርድ የሚጠብቁት የጉሮሮ ጡንቻዎች ግን ዘግይተው ይመለሳሉ። ቱቦው በቦታው እስካለ ድረስ ድክመታቸው አይታይም። ደረቱ ይነሳል ይወድቃል፣ ቬንቲሌተሩ (የማስተንፈሻ ማሽኑ) ላይ ያለው ቁጥር ያማረ ነው፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ቱቦው ሲወጣ ጉሮሮው ይደፈናል።

ይህ የእኛ ስጋት ብቻ አይደለም። በ1979 ቪቢ-ሞገንሰን እና ባልደረቦቹ ኮፐንሃገን ውስጥ ማገገሚያ ክፍል የደረሱ 72 ሕመምተኞችን ሲለኩ፣ ማፍረሻ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ሳለ 42 በመቶዎቹ በጊዜው በቂ ይባል ከነበረው ደረጃ በታች ነበሩ። መድኃኒቶቹ የቆዩና ረጅም ጊዜ የሚሠሩ ስለነበሩ ነው ብሎ የሚከራከር ይኖራል። እሺ፤ በ2003 ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ ደበን እና ባልደረቦቹ መካከለኛ ጊዜ የሚሠሩትን፣ እኛም ዛሬ የምንጠቀምባቸውን ዓይነት መድኃኒቶች አንድ ጊዜ ብቻ የወሰዱና ማፍረሻ ያልተሰጣቸው 526 ሕመምተኞችን ለኩ። 45 በመቶዎቹ ዛሬ ከምንፈልገው ደረጃ በታች ሆነው ተገኙ። ለእኛ ይበልጥ የሚያሳስበው ቀጥሎ ያለው ነው፦ መድኃኒቱን ከወሰዱ ሁለት ሰዓት ካለፋቸው ውስጥም 37 በመቶዎቹ እንደዚያው ነበሩ። «ሁለት ሰዓት አልፎታል፣ አንድ ዶዝ ብቻ ነው የወሰደው» የሚለው በየክፍሉ የሚሰማ ማረጋገጫ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቁጥር አናውቅም።

ደረጃው ራሱ ምን እንደሆነ ማስረዳት ይኖርብናል። የእጅ አንጓ ላይ፣ ወደ እጅ በሚወርደው በኡልናር ነርቭ አቅጣጫ ሁለት ኤሌክትሮዶች ይለጠፋሉ። በግማሽ በግማሽ ሰከንድ ልዩነት አራት አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶች ይላካሉ፤ አውራ ጣት አራት ጊዜ ይመልሳል። አራተኛው ምላሽ ለመጀመሪያው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር (ጥምርታው) ነው ጡንቻው የት እንደደረሰ የሚነግረን። አሊ፣ አቲንግ እና ግሬይ ይህን ዘዴ ያስተዋወቁት በ1970 ነው። መድኃኒት ያልነካው ጡንቻ 1 ይሰጣል። ድሮ 0.7 ይበቃል ይባል ነበር። ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ብቻ እንጂ ሰመመን ያልተሰጣቸው ፈቃደኞች በ1997 ሲፈተኑ ግን 0.7 ላይ ሆነው ዕቃው ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያቸው፣ በጥርሳቸው ስስ እንጨት መያዝም ያቅታቸው ነበር። ከ0.7 በታች ሆነው ራሳቸውን 5 ሰከንድ ቀና ማድረግ የቻሉም ነበሩ። ዛሬ የሚፈለገው ቢያንስ 0.9 ነው። የአሜሪካ የአንስቴዥዮሎጂስቶች ማኅበርም ሆነ የአውሮፓው አቻው በ2023 ባወጧቸው መመሪያዎች ይህ ቁጥር በመሣሪያ ተለክቶ እንዲረጋገጥ ይመክራሉ። በመሣሪያ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ጥምርታው 0.4 ካለፈ በኋላ የሰው ዓይንም ሆነ እጅ በመጀመሪያውና በአራተኛው ምላሽ መካከል ያለውን ልዩነት አይለይም። ከ0.4 እስከ 0.9 ያለው አደገኛው ርቀት በሙሉ ለእኛ ጨለማ ነው። የደም ግፊትን ክንድ ዳብሳችሁ ንገሩን የሚለን የለም፤ ይህን ግን ዳብሳችሁ ንገሩን እየተባልን ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን የውሳኔው ሥር ላይ ያለውን እምነት ይመለከታል። ዶዙ በኪሎ ከተሰላ ሁሉም ሰው በእኩል ሰዓት ይነቃል የሚል እምነት። ሮኩሮኒየም የተባለው ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት የራሱ የመረጃ ወረቀት ይህን ያፈርሰዋል። በኪሎ 0.6 ሚሊግራም የተሰጣቸው አዋቂዎች ላይ መድኃኒቱ በጉልህ የሠራበት ጊዜ አማካዩ 31 ደቂቃ ነው፤ ስፋቱ ግን ከ15 እስከ 85 ደቂቃ። ያው መድኃኒት፣ ያው ስሌት፣ የአንዱ ሰው ጊዜ ከሌላው አምስት እጥፍ ሊበልጥ። ኩላሊትና ጉበት፣ ዕድሜ፣ የሰውነት ሙቀት መውረድ፣ የሚተነፈሰው የሰመመን ጋዝ፣ እንደ ጀንታማይሲን ያሉ አንቲባዮቲኮች፣ ማግኒዥየም፣ ሁሉም ያስረዝሙታል። ማያስቴኒያ ግራቪስ (ጡንቻን የሚያደክም በሽታ) ያለበት ሰው በትንሽ ዶዝ ይዝላል። ለሚጥል በሽታ ፌኒቶይን ወይም ካርባማዜፒን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ግን ቶሎ ይነቃል። ይህን ሁሉ በጭንቅላቱ ደምሮና ቀንሶ ትክክለኛዋን ደቂቃ የሚናገር ባለሙያ የለም። የቱንም ያህል ዓመት ቢሠራ።

በእጃችን ካለፉት ጥቂቶቹን እናንሳ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀንሰናል።

ኩላሊታቸው የደከመ አንዲት እናት ከቀዶ ሕክምናቸው በፊት ጀንታማይሲን ጀምረው ነበር። ሥራው አጭር ነበር። ማፍረሻ ተሰጣቸው፣ በደንብ ተነፈሱ፣ እጅ ጨበጡ፣ ቱቦው ወጣ። ማገገሚያ ክፍል እንደደረሱ ዓይናቸው አልገለጥ አለ፤ ምራቃቸውን መዋጥ አቃታቸው። ሰመመኑ ያልለቀቃቸው መስሎ ሲጠበቅ ኦክስጅናቸው ወረደና ቱቦው ተመልሶ ገባ። ሲያገግሙ የነገሩን ይህን ነው፦ ሁሉንም ይሰሙ ነበር፤ አየር አጠረኝ ለማለት ምላሳቸው አልታዘዝ አላቸው። ቅጹ ላይ «የሙያ ጉድለት» ተብሎ ተሞላ። በቅጹ ላይ ቱቦው ሲወጣ የጡንቻው ምላሽ ስንት ነበር የሚል ቦታ የለም። ቢኖርም የሚሞላበት ቁጥር አልነበረም።

በእርግዝና የደም ግፊት ምክንያት ማግኒዥየም ሲንጠባጠብላት የነበረች ወላድ ነበረች። በሌላ ጊዜ ቶሎ የሚያልፍ አነስተኛ የቬኩሮኒየም (ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት) ዶዝ ከልጇ መወለድ በኋላ በቬንቲሌተር ላይ ለረጅም ሰዓት አቆያት። እዚያ ላይ ጉዳት አልደረሰም፤ ለረጅም ሰዓት አልጋና ቬንቲሌተር ተይዞ፣ ቤተሰብ በር ላይ ሲጨነቅ ከማደሩ በቀር። በተቃራኒው ደግሞ ሰፊ ቃጠሎ ደርሶበት ሳምንታት ያለፉት ወጣት ለሌላው ሰው የሚበቃው ዶዝ አልበቃውም። በሥራው መሐል ተንቀሳቀሰ፤ የቀዶ ሐኪሙ ቅሬታም በጽሑፍ መጣ። መለኪያ የምንፈልገው መድኃኒቱ ሲበዛ ለማወቅ ብቻ አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደን አራተኛው ነው። ጤነኛ ወጣት፣ ለአጭር ሥራ ሱክሲኒልኮሊን ተሰጠው። በጥቂት ደቂቃ የሚለቅ፣ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ነው። ሥራው አለቀ፣ ትንፋሹ ግን አልመጣም። መድኃኒቱን የሚያፈርሰው ኢንዛይም በተፈጥሮ የጎደላቸው ሰዎች አሉ። ከሁለቱም ወላጆቹ የተዛባውን ዘር የወረሰ ሰው በአንዳንድ ሕዝቦች ከ3,000 ገደማ አንድ ይገኛል፤ ለዓመታት ጤነኛ ሆኖ ኖሮ ቀድሞ የሚናገር ምልክት የለውም። ተረኛው ባለሙያ የዘገየው ከሕመም ማስታገሻው ይሁን ከጡንቻው የሚለይበት መሣሪያ አልነበረውም። እንዲነቃ የሰመመን ጋዙ ተዘጋ። ወጣቱ ነቃ፤ ነገር ግን ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ ሳይችል። ያንን ጊዜ በኋላ ሲያወራ የሰማን ሁሉ አንረሳውም። ክሪስቲ እና ቸርችል-ዴቪድሰን የነርቭ ማነቃቂያን የገለጹት ልክ ለእንዲህ ዓይነቱ፣ ትንፋሽ ሳይመለስ ለሚዘገይ ሰው ነው፤ ዓመቱም 1958 ነበር። አንጓው ላይ ምት ተልኮ አውራ ጣት ካልተንቀሳቀሰ ሕመምተኛው እንዲተኛ ተደርጎ ይጠበቃል። ይህን ለማወቅ ደቂቃ አይፈጅም። በ2014 በብሪታንያና በአየርላንድ የተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት በሰመመን ውስጥ መንቃት ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ሲሰጥ ከ8,200 ገደማ አንድ፣ ሳይሰጥ ከ135,900 ገደማ አንድ ሪፖርት እንደተደረገ አግኝቷል። ነቅቶ መንቀሳቀስ አለመቻል ከሁሉ የከፋ ጭንቀት እንደሚያስከትልም መዝግቧል።

ሦስተኛ፣ በስብሰባ ላይ «በመሣሪያው ገንዘብ ማፍረሻ መድኃኒት ይገዛላችሁ» ተብለናል። ማፍረሻው የመለኪያው ምትክ አይደለም፤ በመለኪያው የሚታዘዝ ነው። ኒዮስቲግሚን የተባለው ማፍረሻ ጣሪያ አለው። ጡንቻ የሚያላላው መድኃኒት ሥራ ገና ጥልቅ ሆኖ ከተሰጠ ዶዙን ቢጨምሩት አይፈርስም፤ በትክክለኛው ሰዓት ቢሰጥም ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት 10 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። አጭር ጊዜ የሚያዘው መመሪያ ይህን ደቂቃ አላሰበውም። ሌላው ማፍረሻ ሱጋማዴክስ ፈጣንና ብርቱ ነው፤ እንዲገኝልንም እንፈልጋለን። ግን የሚሠራው ለሮኩሮኒየምና ለቬኩሮኒየም ብቻ ነው፤ ዶዙም እንደ ጥልቀቱ በኪሎ 2 ወይም 4 ሚሊግራም ይሆናል። ጥልቀቱን ሳይለኩ ያንን መምረጥ ግምት ነው። ሲያንስ ሕመምተኛው ተመልሶ ይዝላል፤ ሲበዛ ውድ መድኃኒት ይባክናል። ጃፓን ውስጥ በ2013 የወጣ ጥናት ሳይለካ በተሰጠበት ጊዜ፣ ከሱጋማዴክስ በኋላም 4.3 በመቶ የሚሆኑት ከ0.9 በታች መቅረታቸውን አሳይቷል፤ ከኒዮስቲግሚን በኋላ ደግሞ 23.9 በመቶ። በ2008 መርፊ እና ባልደረቦቹ 185 ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍለው ባደረጉት ጥናት፣ በአክሴለሮሜትር (የጣቱን እንቅስቃሴ በሚለካ መሣሪያ) ከተለኩት መካከል መድኃኒቱ ሳይለቃቸው ማገገሚያ ክፍል የደረሱት 4.5 በመቶ ሲሆኑ ካልተለኩት ግን 30 በመቶ ነበሩ።

አራተኛውን ቅሬታ ባጭሩ እንለፈው። «አንድ መሣሪያ አላችሁ» ተብለናል። አለን። የአውራ ጣቱ ሴንሰር ገመዱ ተበጥሶ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። የመለዋወጫ ጥያቄው ከመሣሪያው ጥያቄ በፊት የቀረበ ነው።

መሣሪያው ብቻውን ሁሉን ይፈታል አንልም። አክሴለሮሜትር ያለው ዓይነት ሕመምተኛው ከተኛ በኋላ፣ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት መለካት አለበት፤ አለዚያ ቁጥሩ ያታልላል። አውራ ጣቱም በነፃነት መንቀሳቀስ አለበት። ክንድ በጨርቅ ተጠቅሎ በሚሸፈንባቸው ሥራዎች የጡንቻውን ኤሌክትሪክ የሚለካው ዓይነት ይሻላል። እጅ አልመች ብሎ በዓይን ዙሪያ ጡንቻ ላይ መለካትም ያሳስታል፤ እነዚያ ጡንቻዎች ቀድመው ስለሚነቁ። ስለዚህ ሥልጠና ያስፈልጋል፤ ከመካከላችን ለማሠልጠን ዝግጁ የሆኑ አሉ።

ከዚህ በመነሳት የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። መለኪያዎቹ ወደ ግዢ ዝርዝሩ ይመለሱ፤ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት በሚሰጥበት እያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ፣ በማገገሚያ ክፍልም ቢያንስ አንድ ይሁን። ስፔሲፊኬሽኑ ሲጻፍ ተጠቃሚው ክፍል ይወከል፤ ኤሌክትሮድ፣ ሴንሰርና ገመድ ለተከታታይ ዓመታት አብረው ይገዙ። የተበጠሰው ገመድ ግን ያንን ግዢ ሳይጠብቅ በዚህ ወር ይተካ።

ሕመምተኛው ከጠረጴዛ የሚነሳበትን ጊዜ የሚያሳጥረው መመሪያ መለኪያው እስኪመጣ ድረስ ይታገድ። ከመጣ በኋላም «ጥምርታው 0.9 ሳይደርስ ቱቦ አይወጣም» የሚል አንድ መስመር ይጨመርበት። ይህን መስመር ለመጻፍ ገንዘብ አያስፈልግም።

ቱቦ ተመልሶ ሲገባ የሚሞላው ቅጽ ርዕሱ ይቀየር፤ የተሰጠው መድኃኒት፣ ዶዙ፣ ሰዓቱና የጡንቻው ምላሽ ልኬት የሚጻፍበት ቦታ ይኑረው። እስካሁን በዚያ ቅጽ የፈረሙ ባልደረቦቻችን ፋይል በሙያ ኮሚቴ እንደገና ይታይ። ሱክሲኒልኮሊን ያዘገየበት ወጣትና የቅርብ ዘመዶቹ የኢንዛይም ምርመራ እንዲያገኙና በማንኛውም ሆስፒታል የሚያሳዩት የማስጠንቀቂያ ካርድ እንዲሰጣቸው ሆስፒታሉ ወጪውን ይሸፍን። ወንድም ወይም እህት ካለው እነሱም ያንኑ ዘር ሊይዙ ይችላሉ፤ እስከ አሁን የነገራቸው የለም።

ምላሻችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ጥያቄያችንን የምትቀበሉት ካልሆነም ምክንያቱ ተዘርዝሮ፣ ውሳኔውን በሰጠው አካል ስም ተፈርሞ እንዲደርሰን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የቀዶ ሕክምና ክፍሎቹ የአንስቴዥያ ባለሙያዎች
የማገገሚያ ክፍል ነርሶች

ግልባጭ፦
ለቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ
ለማኅፀንና ጽንስ ክፍል ኃላፊ
ለጥራትና ለሕመምተኞች ደኅንነት ክፍል